በሰማይ የተሰፋ ወንበር

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ መርፌ» ይላታል። እንግዳ ሰው ስሙን ሲሰማ ምላሷን ለማለት ይመስለዋል፤ እውነት ለመናገር ምላሷም ቢሆን የሚወጋ ነው። ስሙ የወጣላት ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ ከቦታው ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ታፒሴሪ ቤቷ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በጎማ ጠጋኙና በመስታወት ቆራጩ መካከል ያለች አንዲት ክፍል ናት። በግራ የስፌት መኪናዋ፣ በቀኝ ሆዳቸው የተዘረገፈ የታክሲ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀሉ መቀሶችና ወስፌዎች አሉ። መሬቱን የስፖንጅ ፍርፋሪ ሸፍኖታል። ፍርፋሪው ጸጉሯ ላይ ስለሚያርፍ፣ ከሥራ ወጥታ ቤት ስትገባ ባሏ «በረዶ የጣለው በእናንተ በኩል ብቻ ነው?» ይላታል።

ባሏን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ሠላሳ ዓመት በአውሮፕላን ማረፊያው የእሳት አደጋ መኪና ሾፌር ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሳት ሲጠብቅ ኖሮ፣ አንድም ቀን እሳት ሳይመጣለት ጡረታ ወጣ። አክስቴ ስትተርበው «ቆሞ የበላ» ትለዋለች። እሱም «የእኔ ሥራ የሚያምረው ሳይሠራ ሲቀር ነው» ብሎ ይመልሳል። የሞተር ጩኸት ጆሮውን ስለጎዳው ቤታቸው ውስጥ የሚወራው በጩኸት ነው። በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ሰው የተጣሉ ይመስለዋል፤ ውስጥ ግን «ጨው አነሰው ወይ?» እየተባባሉ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት የሶፋ ትራሶቼን ላሰፋ አክስቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ቁጭ ብዬ ስጠብቅ አንዲት ወጣት ከበሩ ላይ ቆመች። ግራጫ ካፖርት ለብሳለች፤ ከኪሷ ነጭ የጨርቅ ጓንት ብቅ ብሏል።

«ይቅርታ እናቴ፣ የአውሮፕላን ወንበር ይሰፉ የነበሩት እርስዎ ነዎት?»

አክስቴ ቀና አላለችም። «አሁን የምሰፋው የታክሲ ነው። አውሮፕላን ወደዚህ ሰፈር አይገባም፣ መንገዱ ጠባብ ነው።»

ልጅቷ ሳቀችና ስልኳን አውጥታ አንድ ፎቶ አሳየቻት። ጥቁር አረንጓዴ ከፋይ የለበሰ ሰፊ ወንበር ነው። መደገፊያው ላይ የእርግብ ኩስ ደርቆበታል፤ መቀመጫው ተተርትሮ ስፖንጁ እንደ አሮጌ ዳቦ ተፈርፍሯል። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን ብዙ ጊዜ አየችው። በጣቷ ስትነካው ምስሉ ድንገት ገዝፎ ስለታያት ደንገጥ ብላ እጇን ሰበሰበች። ከዚያ፣ ለልጅቷም ለእኔም ሳይሆን፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣

«ይሄ ክንዱ እስካሁን እንደዚያው ነው?» አለች።

ልጅቷ የሙዚየም ባለሙያ ነበረች። ሙዚየሙ የድሮውን የፕሬዚዳንቱን አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው ጫፍ ከሣር ውስጥ ጎትቶ አውጥቶ፣ ታጥቦና ታድሶ ሕዝብ እንዲያየው ሊያደርግ ነው። አካሉን የሚያውቁ መካኒኮች ተገኝተዋል። የውስጡን ጨርቅ የሚያውቅ ግን አልተገኘም። ከድሮዎቹ ስድስት ሰፊዎች በሕይወት ያለችው አክስቴ ብቻ ናት።

ያን ጊዜ የስፌት ክፍሉ በአውሮፕላን ማረፊያው፣ አውሮፕላን ከሚጠገንበት ከትልቁ ሃንጋር ጥግ በመስታወት የተከለለ ነበር። አክስቴ በሃያ ዓመቷ ስትገባ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወራት ቀበቶ ብቻ ሰፋች። ከዚያ መጋረጃ፣ ከዚያ ምንጣፍ፣ በመጨረሻ ወንበር። ከወንበሮቹም በላይ የፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን ነበር። አራት ሞተር ያለው፣ ሆዱ እንደ ብር የሚያበራ የፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። ሠራተኞቹ «ሙሽራው» ነበር የሚሉት፤ ሲሄድም ሲመጣም ሰው ሁሉ ከቦ ይሸኘዋል፣ ይቀበለዋል፣ እሱ ግን ከሌላው ያነሰ ነው የሚበረው። በፊተኛው ክፍል ፊት ለፊት የተቀመጡ አራት ሰፋፊ ወንበሮችና አንድ ጠረጴዛ አሉ። ከኋላው ለተከታዮች አሥር ወንበር፣ ከዚያ ትንሽ ኩሽና፣ ጭራው ላይ ደግሞ ትርፍ ጨርቅና ክር የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል። ለመንገደኛ አውሮፕላን በአንድ ጣት ስፋት ሦስት ስፌት ይበቃ ነበር፤ ለሙሽራው አምስት ነው። አለቃቸው በማጉያ መነጽር እየቆጠረ አራት ካገኘ አስፈትቶ እንደገና ያሰፋል።

ጋሼንም ያገኘችው በዚያው ክፍል ነው። የእሳት አደጋ መኪናው የሾፌር ወንበር ተቀደደ ብሎ መጣ፤ ሰፋችለት። በሳምንቱ ሌላ ቦታ ተቀደደ ብሎ መጣ፤ ሰፋችለት። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ቅዱን አየችና የእርጅና ሳይሆን የመቀስ መሆኑን አወቀች።

«ይሄን የቀደደው ሰው መቀስ መያዝ አያውቅም» አለችው።

«አስተምሪኛ» አላት።

ከዚያ ወዲያ ምሳቸውን አብረው ነበር የሚበሉት፤ ከሃንጋሩ ጀርባ፣ በተጣለ አሮጌ ክንፍ ጥላ ሥር። እሷ ከተሳፋሪ ወንበር በተረፈ ከፋይ ሁለት መከዳ ሠርታ ነበር። ዳቦና እንቁላላቸውን በልተው፣ ሻያቸውን ከፔርሙዝ ቀድተው፣ የሚነሱትንና የሚያርፉትን አውሮፕላኖች ያያሉ። ከተጋቡም በኋላ አልተዉትም። አክስቴ ስለዚያ ዘመን ስታወራ ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ሹመት አንድም ቀን አንስታ አታውቅም፤ የምታነሳው ያችን ጥላ ነው።

በሙሽራው ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት ስትወጣና ስትገባ አንድም ቀን በርራ አታውቅም ነበር። የበረረችው አንድ ጊዜ ነው፣ ያውም ሳታስበው።

ያን ቀን ጉዞው ከሰዓት በኋላ ለዘጠኝ ሰዓት ነበር የተያዘው። ጠዋት አስተናጋጇ የፕሬዚዳንቱ ወንበር ክንድ ማሳረፊያ ስፌቱ ተተርትሮ አየችና ወደ ስፌት ክፍሉ ደወለች። አክስቴ ቆልማማ መርፌዋንና በሰም የታሸ ክሯን ይዛ ገባች። ግማሹን እንደሰፋች ክሩ እንደማይበቃት አየች። መርፌውን እንዳለ ጨርቁ ላይ ሰክታ፣ መቀሷን በእጇ እንደያዘች፣ ተጨማሪ ክር ልታመጣ ወደ ጭራው ክፍል ሄደች።

ጎንበስ ብላ የክር ጥቅል ስትፈልግ ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማች። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ጉዞው ወደ አምስት ሰዓት መዛወሩን የነገራት ሰው አልነበረም። ወዲያው የብዙ ሰው ኮቴ በደረጃው መጣ። አክስቴ ሽርጧ በጠመኔ ነጥቷል፣ ምንጣፉን እንዳታቆሽሽ ጫማዋን አውልቃለች። እንዲያ ሆና ባለሥልጣን ፊት መውጣት አፈረች። በኋላው በር ሹልክ ብዬ እወርዳለሁ ብላ ብትገፋው ተቆልፏል። አንደኛው ሞተር ተነሳ። ሁለተኛው ተከተለ።

«ያስፈራኝ መብረሩ አልነበረም» ትላለች። «መርፌው ትዝ አለኝ።»

በባዶ እግሯ በወንበሮቹ መካከል ሮጠች። መቀሱ በእጇ መኖሩን ረስታዋለች። ከፊተኛው ክፍል ስትደርስ አንድ ጠባቂ የእጇን አንጓ ጨብጦ ከግድግዳው አጣበቃት። ፕሬዚዳንቱ ወንበራቸው ላይ ሊቀመጡ ጎንበስ ብለዋል፣ ቀኝ እጃቸው ወደ ክንዱ እየወረደ ነው።

«ጌታዬ፣ ክንድዎን አያሳርፉ» አለች። «መርፌ አለበት።»

ፕሬዚዳንቱ እንደጎነበሱ ቀሩ። ከዚያ ወደ ወንበሩ ዝቅ ብለው አዩ። ግማሽ ጨረቃ የመሰለችው መርፌ ጫፏን ወደ ላይ አድርጋ ተሰክታለች።

«ልቀቃት» አሉ ጠባቂውን። «መቀሱን ግን ተቀበላት።»

አውሮፕላኑ ወደ ማኮብኮቢያው መጠምዘዝ ጀምሯል፤ ማቆም አልተቻለም። ፕሬዚዳንቱ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ሄደው ተቀመጡና፣ «እንግዲህ ጨርሺው፤ እስክንደርስ ጊዜ አለን» አሏት። ሲነሳ መቆም ስለማይቻል አስተናጋጇ አክስቴን እዚያው አስቀምጣ ቀበቶ አሰረችላት። አክስቴ ከመሬት የተነሳችው በፕሬዚዳንቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው ማለት ነው።

ከፍ ካሉ በኋላ ክሯን ከጭራው ክፍል አምጥታ፣ ተንበርክካ መስፋት ጀመረች። ዳመና ውስጥ ገብተው ስለነበር አውሮፕላኑ ይዘላል። መርፌው አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ይሄድባታል። ፕሬዚዳንቱ ወረቀታቸውን ያነባሉ፤ አልፎ አልፎ ከመነጽራቸው በላይ ያይዋታል።

«እዚህ ስንት ዓመትሽ ነው?» አሏት።

«ሃያ አንድ፣ ጌታዬ።»

«እኔ እዚህ ወንበር ላይ ስድስት ዓመቴ ነው። ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

አክስቴ ዓይኗ ከስፌቱ ላይ ነው፤ የምትለውን ሳታመዛዝን ተናገረች። «ወንበሩ ምን ይሆናል ጌታዬ፣ እሱ ይኖራል። የሚያልቀው የተቀመጠበት ነው።»

እሷ ማለት የፈለገችው ጨርቁን ነው። የሰሙት ግን ሰውየውን ያለች መሰላቸው። አንዱ ባለሥልጣን ጭራሽ መተንፈስ አቆመ። ፕሬዚዳንቱ ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ «እውነት ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ንባባቸው ተመለሱ።

አርፈው ሁሉም ወርደው ሲሄዱ እሷ አውሮፕላኑ ውስጥ ቀረች። ስፌቷን ያኔ በደንብ አየችው። እንደ ሰካራም መንገድ ይዞራል። ሠርታ የማታውቀው ዓይነት መጥፎ ሥራ ነበር። መቀሷ ከጠባቂው ጋር ስለሄደ፣ ነገ ፈትቼ አስተካክለዋለሁ ብላ ከአውሮፕላኑ ጋር ተመለሰች። በማግስቱ ዋናው መካኒክ ገና ከሩቅ «እትዬ መርፌ» ብሎ ጠራት፤ ስሙ እንዲያ ሆኖ ቀረ።

ያ ነገ ግን አልመጣም። ሙሽራው ለሞተር ምርመራ ተወሰደና ወደ ውስጡ ማንም እንዳይገባ ተባለ። ምርመራው ሳያልቅ የፕሬዚዳንቱ ዘመን አለቀ፤ የተኳቸው ሰው የሚበሩት በጄት ነበር። ሙሽራውን ወደ ማኮብኮቢያው ጫፍ ጎትተው ሣር ላይ አቆሙት። አክስቴ ሦስት ጊዜ ለአለቃዋ አመለከተች፤ አንድ ሰዓት ቢሰጠኝ ክንዱን አስተካክዬ እወጣለሁ አለች። «ለቆመ አውሮፕላን ስፌት ምን ይረባዋል?» አላት። ከዓመታት በኋላ ወንበሮች ተሰፍተው ከውጭ መምጣት ሲጀምሩ የስፌት ክፍሉም ተዘጋ። ከመዘጋቱ በፊት አክስቴ ሙሽራውን በየቀኑ በአውቶቡስ መስኮት ታየው ነበር፤ መጀመሪያ ጎማው ተነፈሰ፣ ከዚያ ሣሩ ደረጃውን ዋጠው፣ ከዚያ እርግቦች በመስኮቱ ይገቡና ይወጡ ጀመር። «የሰው ቤት እንኳ እንዲህ ሲሆን ያሳዝናል» ትላለች።

ታዲያ ሃያ ሰባት ዓመት ከቆየ በኋላ ሙዚየም ገብቶ ስታገኘው ምን እንደተሰማት ጠይቄያት ነበር። «ሽታው የለም» ነው ያለችኝ። ነዳጁ፣ ቆዳው፣ የእንጨት ማወልወያው፣ የፕሬዚዳንቱ ትምባሆ። ሁሉም ሄዶ አቧራ አቧራ ይላል። ከወንበር ወደ ወንበር እየሄደች የማን ስፌት እንደሆነ ትናገራለች። ይሄ የእንትና ነው፣ ግራኝ ስለነበረች ቋጠሮዋ በዚህ በኩል ነው። ይሄ የአለቃችን ነው፣ ሲያረጅ ክሩን ያላላ ነበር። ባለ ጓንቷ ልጅ ከኋላዋ እየተከተለች ትጽፋለች።

ከልጅቷ ጋር በፍቅርም በክርክርም ነበር የሚሠሩት። አክስቴ አንዱን ወንበር ልትገፍና አዲስ ስፖንጅ ልትሞላ ስትል ልጅቷ እጇን ይዛ አስቆመቻት።

«አዲስ አናደርገውም፣ እትዬ። ካለበት እንዳይብስ ነው የምናደርገው።»

«እና ቆሻሻው?»

«ኩሱን እናጸዳለን። የተቀመጡበት ሰዎች ያሳሱትን አንነካውም።»

አክስቴ ቤት መጥታ ለጋሼ በጩኸት ነገረችው። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የቀደደውን ስሰፋ ኖሬ፣ ይሄው አሁን ቅዱን ጠብቂ ተባልኩ።»

«ምን ጠብቂ?»

«ቅዱን።»

«እኔ እሳቱን ጠብቄ ምን አተረፍኩ?» አለና ሻዩን ቀዳ።

ቀስ በቀስ ግን ሥራው ገባት። የተበሳውን ከሥር በቀጭን ሐር መደገፍ፣ የላላውን በክር ሳይወጥሩ ባለበት ደግፎ መያዝ፣ እያንዳንዱን ነገር ከመንካት በፊት ፎቶ ማንሳት። በአምስት ወር አሥራ ሦስት ወንበር ጨረሱ። የቀረው የፕሬዚዳንቱ ነው። ልጅቷ ስለ ክንዱ ስትጠይቃት አክስቴ «መጥፎ ስፌት ነው፣ ይፈታ» ብቻ ብላ ዘጋችው። ልጅቷም «መጥፎም ቢሆን የዘመኑ ነው፤ አይፈታም» ብላ ዘጋችው። ሁለቱም ምክንያታቸውን አልተነጋገሩም።

አንድ ረቡዕ አክስቴ ማልዳ ሄደች። ዘበኛው ያውቃታል፣ ከፈተላት። ብቻዋን ከወንበሩ አጠገብ ተንበረከከችና ምላጯን አውጥታ ያን ስፌት ትፈታው ጀመር። አራት ጣት ያህል ፈታች። አዲስ ክር በሰም አሽታ፣ በአንድ ጣት አምስት እየቆጠረች፣ ቀጥ አድርጋ ሰፋችው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በሐሳቧ የሰፋችው ስለነበር እጇ አልተንገዳገደም። አምስተኛውን ጣት ልትፈታ ምላጩን ስታነሳ ልጅቷ ከኋላዋ ቆማለች።

«ምን ያህሉን ፈቱት?» አለች።

«አራት ጣት።»

ልጅቷ ጓንቷን አንዱን ከዚያም ሌላውን አወለቀች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «የቀረውን አይንኩት፣ እትዬ። ዛሬ ይበቃል፤ ቤትዎ ይሂዱ።»

አክስቴ አራት ቀን ቤቷ ተቀመጠች። ታፒሴሪውንም አልከፈተችም። ልጠይቃት ስሄድ «ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። «እንደ ሌባ ነው የተሰማኝ። የሌባ ደግሞ መጥፎው፣ የራሱን ዕቃ የሰረቀ ሌባ ነው፤ ለማን ይመልሳል?»

በአምስተኛው ቀን ጋሼ እኔን ለብቻ ጠርቶ፣ «ነይ አብረሽኝ ሙዚየም ሂጂ፤ ጆሮ ትሆኚኛለሽ። ለአክስትሽ እንዳትነግሪ» አለኝ። ይህን ያለው በተለመደው ድምፁ ስለሆነ አክስቴ ጓዳ ሆና መስማቷ አይቀርም፤ ግን እንዳልሰማች ሆነች።

ሙዚየም ደርሰን ወደ አውሮፕላኑ ስንቀርብ ጋሼ ወደ ደረጃው አልሄደም። ከአውሮፕላኑ አፍንጫ በስተግራ አርባ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ሄደና ቆመ። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። ልጅቷ ወጥታ አየችው።

«አባቴ፣ ይግቡ እንጂ።»

በጆሮው ደገምኩለት። «አልችልም» አለ። «የእሳት አደጋ ሰው መስመሩን የሚያልፈው እሳት ሲነሳ ብቻ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት የቆምኩት እዚህ ጋ ነው።»

«አሁን ተፈቅዶልዎታል።»

ጋሼ ይህን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ በደረጃው ወጣ። ጉልበቱ ስለሚያመው በየደረጃው ቆም ይላል። ውስጥ ሲገባ ጣራው ዝቅ ያለ መስሎት አንገቱን ሰበረ፤ ግን ቀና ቢልም አይነካውም ነበር። በፊተኛው ክፍል መስኮት በኩል ጎንበስ ብሎ ወደ ውጭ፣ ቆሞበት ወደነበረው ቦታ አየ።

«ከዚህ ሲታይ ያን ያህል ሩቅ አልነበርኩም» አለ።

ከዚያ ነው ስለዚያ ቀን ያወራላት። ሙሽራው ሲነሳ የእሳት አደጋ መኪናውን ሞተር አስነስቶ እንደ ወትሮው ሸኘው። ሚስቱ ውስጥ መሆኗን አላወቀም። ወደ ክንፉ ጥላ ሄዶ የምሳ ዕቃውን ከፍቶ ጠበቃት። ቀረች። ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ዋናው መካኒክ በብስክሌት እየከነፈ መጣ፤ የሚያስቅ ነገር ሊናገር የፈለገ ሰው ነው፣ አፉ ላይ ግን ነገሩ ተበላሸበት።

«ባለቤትህ ወደ ሰማይ ሄደች አለኝ» አለ ጋሼ። «እኔ ታዲያ ምን ልረዳ? ካለሁበት እመሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ደንግጦ በአውሮፕላን ነው፣ በአውሮፕላን ነው ይለኛል። ተናደድኩበት። ግን ሲገባኝ የባሰ ፈራሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ብዙ አውሮፕላን ሸኝቼ አንዱም ይወድቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። ያን ቀን መኪናዬን ማኮብኮቢያው ዳር አቁሜ ሞተሩን ሳላጠፋ ለአምስት ሰዓታት ቆየሁ። ነዳጅ አባከንክ ብለው የቅጣት ደብዳቤ ሰጡኝ። እስካሁን አለኝ።»

ልጅቷ መጻፍ አቁማ ነበር። «እና ያ ስፌት» አለች፣ «የተሰፋው በአየር ላይ ነው?»

«አልነገረችሽም?»

ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ራሷ ወደ አክስቴ ቤት መጣች። እኔና ጋሼ በረንዳ ላይ ቀረን፤ በሩ ክፍት ስለነበር እሰማለሁ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? በፕሬዚዳንት ፊት እጄ ተንቀጠቀጠ ብዬ?»

«ባለቤትዎ አውሮፕላኑ ነው የተንቀጠቀጠው ይላሉ።»

«እሱ እዚያ አልነበረም፣ ልጄ።» አክስቴ ቀጥላ፣ ሰምቼው በማላውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ፣ «ግማሹ አውሮፕላኑ ነው። ግማሹ እኔ ነኝ። ፈርቼ ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ጥሩ የሠራሁትን ማንም አላየኝም። ያዩኝ ያን ቀን ብቻ ነው፣ ያን ቀን ደግሞ አበላሸሁ» አለች።

ልጅቷ አጠገቧ ቁጭ አለች። የሚያጽናና ነገር አልተናገረችም፤ ይህን ወድጄላታለሁ። ብቻ ሥራውን አነሳች። «እኛ ዘንድ በቅርስ ላይ የተሠራ ነገር ሁሉ ይጻፋል» አለች። «ስሕተትም ቢሆን ይጻፋል። አራቱን ጣት ቀጥ እንዳለ እተወዋለሁ፤ የቀረውን ጠማማ እንዳለ እተወዋለሁ። ከሥሩም መቼ፣ ማን፣ የት እንደሰፋው እጽፋለሁ። ሁለቱንም።»

«ስሕተቱ የትኛው ነው ትያለሽ ታዲያ? ጠማማው ነው ወይስ ቀጥ ያለው?»

«እሱን ጎብኚው ይፍረድ።»

አክስቴ በዚህ ትንሽ ሳቀች። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አውሮፕላኑ ለሕዝብ ሲከፈት ቤተሰቡ ሁሉ ሄደ። ከፕሬዚዳንቱ ወንበር አጠገብ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ቆማለች። አክስቴ ሙሉ ስሟ ከነአባቷ ተጽፎ ስታየው መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው፣ እንደገና አደረገችው። የዕድሜ ልክ ሥራዋ ላይ ስሟ ሲጻፍ የመጀመሪያው ነው። ሰዎች እየመጡ ጎንበስ ብለው ክንዱን ያያሉ፤ ቀጥ ካለው ወደ ጠማማው የሚሻገርበት ቦታ ላይ ጣታቸውን ሊያሳርፉ ይሞክራሉ፣ ዘበኛው ይከለክላቸዋል። አንዲት ሴትዮ ለባሏ «ይሄኛው ያምራል» ስትል ሰማሁ። የትኛውን እንደሆነ አላየሁም። አክስቴም ሰምታ ነበር፤ ለማየት ግን ዘወር አላለችም።

አሁን ሳምንት በሳምንት ማክሰኞና ሐሙስ ሙዚየም ናት። ታፒሴሪ ቤቱን በሌሎቹ ቀናት ትከፍታለች። በቅርቡ አንድ የድሮ የባቡር ፉርጎ አስገብተዋል፤ ወንበሮቹ የተሞሉት በስፖንጅ ሳይሆን በፈረስ ጸጉር ነው። አክስቴ በፈረስ ጸጉር ሠርታ አታውቅም፤ የሚያስተምራት ሰውም የለም። ባለፈው ሐሙስ ልጠይቃት ስሄድ ከአንዱ ወንበር ፊት ዝቅ ብላ ተቀምጣ፣ እርሳሷን እየላሰች ንብርብሩን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ትስል ነበር። ልጅቷ ደግሞ ከሌላው ጎን መብራት ይዛላታለች። ሥዕሉ አያምርም፤ የፈረስ ጸጉሩ የዳመና ክምር መስሏል። አጠገቧ ብቆምም እስክትጨርስ ድረስ ቀና ብላ አላየችኝም።